30 ዶላር ከፍሎ ዘፈን ማወዳደር

ቴሌግራሜን የሚያጨናንቀው ጥያቄ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ሆኗል። «ይሄ ውድድር የምር ነው ወይስ ሌብነት?» ከስሩ ሊንክ። ሊንኩን ስከፍተው ጊታር ያነገተ ፈረንጅ ይስቃል፣ ከራሱ በላይ ዓይን የሚያፈዝ የሽልማት ገንዘብ ተጽፏል፣ ወደ ታች ወርጄ ወርጄ በስንት ፍለጋ የመመዝገቢያ ክፍያውን አገኘዋለሁ። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ወጣት የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ናቸው። አሳታሚ የላቸውም፣ ማናጀር የላቸውም፣ ስቱዲዮአቸው መኝታ ቤታቸው ነው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። (ዓመቶቹን «በእኛ» ካላልኩ በስተቀር በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።)

ስማቸው የታወቀው ውድድሮች ሌብነት አይደሉም። ንግድ ናቸው። ገንዘቡ ዘፈኑን ከሚሰማው ሳይሆን ዘፈኑን ከሚልከው ሰው ኪስ ነው የሚወጣው። ይህን ይዛችሁ ከገባችሁ ብዙም አትጎዱም።

በጣም የታወቀውን እንውሰድ። የጆን ሌነን የዘፈን ድርሰት ውድድር በ1997 ነው የጀመረው፣ የሌነን ባለቤት ዮኮ ኦኖም ደግፋዋለች። 12 ዘርፎች አሉት፤ ከሮክና ከጃዝ እስከ ሕፃናት ዘፈን፣ እኛን የሚመለከተውን «ወርልድ» (የየአገሩ ባህላዊ ሙዚቃ) የሚባለውን ጨምሮ። ለአንድ ዘፈን በአንድ ዘርፍ ሲጠይቅ የኖረው 30 ዶላር ነው። ያንኑ ዘፈን በሁለት ዘርፍ ልላክ ካላችሁ ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ሌላው መቀመጫውን ናሽቪል ያደረገው ዓለም አቀፍ የዘፈን ድርሰት ውድድር ነው። ከ2002 ጀምሮ አለ፣ ዘርፎቹ ከ20 ይበልጣሉ፣ ዜማ ሳይኖር ግጥም ብቻውን የሚወዳደርበትም አለው። እንደኔ ላለው የግጥም ሰው ልብ የሚያንጠለጥለው እሱ ነው።

30 ዶላር ደግሞ በእኛ 2016 ሐምሌ ላይ የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ የዶላር ካርድ ያለው ሰው መለመን አለ። ውጭ ያለችው አክስት «ለምንድነው?» ስትል ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ «በብዙ ጥያቄ ምክንያት ተራዝሟል» የሚል ኢሜይል የሚልኩ አሉ። ማን እንደጠየቃቸው እንጃ።

ያም ሆኖ እነዚህ ውድድሮች ለምን እንደሚያጓጉ ይገባኛል። እኛ አገር ውድድር ሲባል የድምፃዊ ውድድር ነው። ፋና ላምሮትን እዩት፣ ልጆቹ መድረክ ላይ ወጥተው የሰው ዘፈን አሳምረው ይዘፍናሉ፣ ዳኞቹም ስለ ድምፅና ስለ መድረክ አያያዝ ያወራሉ። መጥፎ ነው አላልኩም፣ እኔም አያለሁ። ግን ያንን ግጥም የጻፈው ሰውዬ ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ ሊሆን ይችላል። የፈረንጆቹ ውድድሮች የሚያወዳድሩት ዘፈኑን ራሱን ነው፦ ግጥሙን፣ ዜማውን፣ አዲስነቱን። ቀረጻው በስልክ ቢሆንም ተቀባይነት አለው ይላሉ። (በስልክ አትላኩ። ዳኛም ጆሮ አለው፣ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ማንንም ያሰለቻል።)

አማርኛ ዘፈን የምትልኩ ከሆነ ግጥሙን በእንግሊዝኛ ተርጉማችሁ አያይዙ። ቤት ለማስመታት አትድከሙ። ስንኝ በስንኝ ምን እንደሚል ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ፣ በቃ። ዘርፍ ስትመርጡ የብዙ ሰው ምክር «ፖፕ ውስጥ ግባ፣ ሰፊ ነው» ነው። እኔ አልስማማም። ሰፊ ማለት የሚልከው ሰው ብዙ ነው ማለት ነው። በባቲ ወይም በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ ዜማ ፖፕ ውስጥ ግራ ያጋባል፣ «ወርልድ» ውስጥ ግን ቶሎ ጆሮ ይይዛል።

መክፈል የማያስፈልጋችሁ ውድድር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአሜሪካው ሬዲዮ ኤን ፒ አር የሚያዘጋጀው የታይኒ ዴስክ ውድድር መመዝገቢያ አይጠይቅም። የራሳችሁን ዘፈን ጠረጴዛ አጠገብ ተጫውታችሁ ትቀርጹና ቪዲዮውን ትልካላችሁ። ጠረጴዛ ብቻ ነው ግዴታው። ገደቡ ነዋሪነታችሁ አሜሪካ መሆኑና 18 ዓመት መሙላታችሁ ነው። ስለዚህ ይሄ ለአዲስ አበባ ልጆች አይሆንም፣ ግን ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ተቀምጣችሁ «እኛን ማን ይሰማናል» ለምትሉት ነው። በ2015 የመጀመሪያው አሸናፊ ፋንታስቲክ ኔግሪቶ ነበር፣ የኦክላንድ ሰው፣ በኋላ ግራሚ ወስዷል። የ2021ዷ ኔፊ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነበረች፤ የሐበሻ ሬስቶራንት ከሞላበት ሰፈር ማለት ነው። በ2022 አሊሳ አማዶር ያሸነፈችው በስፓኒሽ ዘፍና ነው። በ2025 ያሸነፈችው ሩቢ ኢባራ ደግሞ የፊሊፒንስ ቋንቋዎችን ቀላቅላ ራፕ ታደርጋለች። «በአማርኛ ማን ይሰማኛል» የሚለው ሰበብ እዚያ ቤት ብዙም አያስኬድም። ያላሸነፈውም ቪዲዮ ድረ ገጻቸው ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ይገባና ያየዋል።

ለአፍሪካ ልጆች የፈረንሳዩ አር ኤፍ አይ ሬዲዮ የሚሰጠው የዲስከቨሪ ሽልማት አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፉት ፈረንሳይኛ ከሚነገርባቸው አገሮች ነው፣ ግን የኡጋንዳው ሞሪስ ኪርያ በ2010 ወስዶታል። ጎረቤታችን ማለት ይቻላል።

አንድ ዓይነት ውድድር ላይ ግን ጭራሽ ትዕግሥት የለኝም። «ድምፅ ስጡልኝ» የሚባለው። ዘፈናችሁን ትሰጣላችሁ፣ ከዚያ ወር ሙሉ የአጎታችሁን ልጅ፣ የሰፈር ጓደኛችሁን፣ የድሮ የክፍል አለቃችሁን «ሊንኩን ክሊክ አድርጉልኝ» እያላችሁ ስታስቸግሩ ትከርማላችሁ። ድረ ገጹ ጎብኚ አገኘ። እናንተ ምን አገኛችሁ? ሰው ስልኩን ማንሳት አቆመላችሁ። ያቺን የሰው ፊት ዘፈኑ ለሚወጣበት ቀን ብትቆጥቧት ይሻላል።

ከመላካችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ፣ ቢያሰለችም። ያሸነፈውን ዘፈን ለማስታወቂያቸው ሊጠቀሙበት ይፈልጋሉ፣ እሱ እሺ። ለዘላለም፣ ለማንኛውም ጥቅም፣ ተጨማሪ ክፍያ ሳይኖር፣ ላላሸነፈውም ጭምር የሚል ካያችሁ ግን ዝጉት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። የውድድሩ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ አንድ ቦታ አለ፣ የኛ ሰው ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚቆመው። «የዘፈኑ ደራሲዎች እነማን ናቸው?» ይላል፤ እሱ ደግሞ «የእያንዳንዳቸው ድርሻስ ስንት በመቶ ነው?» የሚለውን ይጎትታል።

እስቲ ይሄንን ለአንድ አዲስ አበባ ውስጥ ለተሠራ ዘፈን መልሱ። ግጥሙን አንዱ ጻፈ፣ ማኪያቶ ላይ ለድምፃዊው ሰጠው፣ ብር በእጅ ተቀበለ። ዜማውን ሌላ ሰው ሠራ። አቀናባሪው ስቱዲዮ ውስጥ ሲያቀናብር መሐል ላይ የማሲንቆ ሐረግ ጨመረበት፣ ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ሰው የሚያንጎራጉረው ደግሞ ያቺኑ ሐረግ ሆነ። ድምፃዊው ሁለት ስንኝ ቀየረ። የማን ነው? ወረቀት የለም። «ወረቀት» የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው ጠብ ፈላጊ ነው የሚባለው፣ በተለይ በዕድሜ ከሚበልጥህ ሰው ጋር ከሆነ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ማለት አፍ ይይዛል።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ በእኛ ነው) የኢኮኖሚ መብት ለሌላ ሰው የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው ይላል። የደራሲው መብት ደግሞ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጸናል። ማኪያቶ ላይ የተሰጠ ግጥም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ንብረት ነው እንግዲህ።

እኔ ከምሠራቸው ልጆች ጋር የምናደርገው ይሄን ነው። ቅንብሩ አልቆ ከስቱዲዮ ከመውጣታችን በፊት፣ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ዘፈኑን ደጋግሞ እየሰማ ሳለ፣ ከደብተር አንድ ገጽ እንገነጥላለን። የዘፈኑ ስም፣ ቀኑ፣ የእያንዳንዳችን ሙሉ ስም፣ ግጥም ማን፣ ዜማ ማን፣ ቅንብር ማን፣ ድርሻ በመቶኛ። ከስር ፊርማ። የማሲንቆዋ ሐረግ የዜማ አካል ናት ወይስ የቅንብር የሚለው ክርክር ያኔ ነው የሚያልቀው፣ ፍቅር እያለ። ከዚያ ወረቀቱን ፎቶ አንስተን የጋራ ግሩፓችን ውስጥ ፒን እናደርገዋለን። ነገሩ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። ለትልቅ ሰው ሲሆን «የውጭ ውድድር ልንልከው ነው፣ ፈረንጆቹ ካልሞላ አንቀበልም አሉ» እላለሁ። ፈረንጅ ላይ ማላከክ እንዲህ ጊዜ ይጠቅማል። ባይላክም ወረቀቱ ይቀራል።

እውነቱን ለመናገር ከውድድሮቹ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። አንዱ ዘፈንን የመጨረስ ግዴታ፣ ሌላው ወረቀት። ሽልማቱን እንደ ሎተሪ ዕዩት።

እሺ፣ ገንዘቡን ለውድድር ካላዋልኩት ለማስተዋወቅ ላውለው ያላችሁ ደግሞ አላችሁ።

መጀመሪያ ማከፋፈያው። ዘፈናችሁ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሙዚክ፣ ቲክቶክ ላይ የሚገባው በዲስትሪቢውተር በኩል ነው። ዲስትሮኪድ በዓመት እያስከፈለ የፈለጋችሁትን ያህል ዘፈን ያስገባል፣ ግን ዓመታዊውን መክፈል ስታቆሙ፣ ተጨማሪ ካልከፈላችሁበት በቀር፣ ዘፈኑ ይወርዳል። ሲዲ ቤቢ በአንድ ሥራ አንዴ ያስከፍልና ከሚመጣው ገቢ 9 በመቶ ይቆርጣል። የትኛው ይሻላል ለሚለው የኔ መልስ፦ ገንዘቡን ወደምታገኙበት ቦታ የሚልክላችሁ። አብዛኛው ሰው ውጭ ባለ ዘመዱ ስም ይከፍታል። ይሁን፣ ግን ያኔ አካውንቱ የዘመዳችሁ ነው፣ ፓስወርዱም የሱ ነው፣ ስትኳረፉ ዘፈኑም አብሮ ይኮረፋል። እሱንም ወረቀት ላይ አስፍሩት።

ሁለተኛው ስም ነው። ፊደላችን የላቲን ስላልሆነ ጸጋዬን አንዱ በቲ እና ኤስ ይጽፈዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፣ ሦስተኛው መጨረሻው ላይ ዋይ ይጨምራል። ስትሪሚንግ ላይ (እንደ ስፖቲፋይ ባሉት የኢንተርኔት ማዳመጫዎች) እነዚህ ሦስት የተለያዩ ዘፋኞች ናቸው። አንድ የማውቃት ጎበዝ ልጅ ዘፈኖቿ ሦስት ገጽ ላይ ተበትነው አንዱን የወደደ ሰው ሌላውን አያገኘውም ነበር። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ ለአቀናባሪውም፣ ክሊፕ ለሚሠራውም፣ ዩቲዩብ ላይ ለሚጭነውም ኮፒ አድርጋችሁ ላኩለት። «በራስህ ጻፈው» አትበሉ። ማከፋፈያ ስትቀይሩ ደግሞ አይ ኤስ አር ሲ የሚባለውን ባለ 12 ምልክት የዘፈኑን መለያ ይዛችሁ ሂዱ፣ አለዚያ የተቆጠረላችሁ ሁሉ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

ስፖቲፋይ ላይ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት በራሳችሁ የአርቲስት አካውንት ለፕሌይሊስት አዘጋጆቻቸው ማቅረብ ትችላላችሁ። ነፃ ነው። ቢያንስ 7 ቀን ቀድማችሁ ካቀረባችሁ፣ አዘጋጆቹ ባይመርጡት እንኳ ለሚከተሏችሁ ሰዎች በአዲስ ዘፈኖች ዝርዝራቸው ውስጥ ይገባላቸዋል። እኛ ግን ማስተሪንጉ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ሐሙስ ማታ አልቆ ዓርብ ጠዋት እንለቃለን።

ከዚያ የ1,000ው ነገር አለ። ከ2024 ጀምሮ ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ካልተሰማ የቀረጻ ክፍያ አያመጣም። ይሄን የሰሙ ልጆች በኢንስታግራም የውስጥ መልእክት «10,000 ስትሪም በ50 ዶላር» ወደሚላቸው ሰው ይሮጣሉ። አትሩጡ። ሮቦት ነው የሚሰማላችሁ። ስፖቲፋይ የሐሰት ስትሪም የበዛበትን ዘፈን ሲይዝ ማከፋፈያውን ይቀጣል፣ ማከፋፈያው ቅጣቱን ወደናንተ ያወርዳል ወይም ዘፈኑን ያወርዳል። ገንዘብ ከፍሎ መቀጣት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሰብሚትሀብና ግሩቨር የሚባሉት ድረ ገጾች ለየት ይላሉ። ክፍያው ዘፈናችሁ እንዲሰማና መልስ እንዲሰጣችሁ ነው፣ ፕሌይሊስት ውስጥ እንዲገባ አይደለም። ግሩቨር ላይ ለአንድ ሰው ከ2 ዩሮ ጀምሮ ትከፍላላችሁ፣ ሰውዬው በ7 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ክሬዲታችሁ ይመለሳል። ሐቀኛ አሠራር ነው። ግን አማርኛ የሚገባው ሰው እዚያ ማግኘት ይከብዳል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ «ደስ የሚል ድምፅ፣ ግን ለኛ ፕሌይሊስት አይሆንም» ነው። የኢትዮ ጃዝ ዓይነት ወይም በመሣሪያ ብቻ የሆነ ሥራ ካላችሁ ሞክሩት። የፍቅር ዘፈን በአማርኛ ከሆነ ብሩን ለቪዲዮ ካሜራ ማን አውሉት።

ያለምንም ክፍያ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የዩቲዩብ ስቱዲዮ ግራፍ ነው። ሰው በየትኛው ሰከንድ ላይ ትቶ እንደሚሄድ ያሳያል። የኛ ዘፈን መግቢያው ረጅም ነው፣ ኪቦርዱ ይገባል፣ ሳክስፎኑ ይገባል፣ ዋሽንቱ ሰላምታ ሰጥቶ ይወጣል፣ ድምፃዊው 40 ሰከንድ ላይ ብቅ ይላል። ግራፉ ላይ መስመሩ ገና ዋሽንቱ ሳይጨርስ ቁልቁል ይወርዳል። አቀናባሪያችንን ጠርቼ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና «ዋሽንቱን አትንኩብኝ» አለ። ተስማማን፣ ለመድረክና ለዩቲዩብ ረጅሙን አስቀረን፣ ለቲክቶክና ለስትሪሚንግ ድምፁ 12ኛው ሰከንድ ላይ የሚገባበትን ሠራን። ስፖቲፋይ አንድ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ከተሰማ በኋላ ስለሆነ መግቢያው ላይ የሚወጣ ሰው ጭራሽ አልሰማም ማለት ነው። ለውድድርም የምልከው አጭሩን ነው፣ ዳኛ ከፊቱ የተከመረ ዘፈን አለበት።

ቴሌግራም ቻናል ክፈቱ። አዎ፣ ዘፈናችሁ በነጋታው በሰው ቻናል ላይ በኤምፒ3 ይለቀቃል፣ አውቃለሁ፣ ያበሳጫል። ግን የራሳችሁ ቻናል ላይ ያለው ሰው ነገ አዲስ ሥራ ሲወጣ ስልኩ ላይ የምታንኳኩለት ሰው ነው። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ አይቶ የሚያልፍ ሰው ተመልሶ አይመጣም፣ ስሙንም አታውቁትም። ከየት እንደሚሰሟችሁም እዩ። የኛ ሥራ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ዋሽንግተን ይሰማል፣ ባህረ ሰላጤው አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ስልክ የሚያነሱት ማታ አምሽተው ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ምሳ ሰዓት አትልቀቁ።

ስለ ማስተዋወቅ ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን የሠራው ካሴት አለ። ከዚያ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ ስለ አፍሪካ ካሴቶች ብሎግ የሚጽፍ፣ ያንን ካሴት ባህር ዳር አግኝቶ ገዛው፣ ወደደው፣ ሰውዬውን ፈልጎ ደወለለት። በ2013 እንደገና ታተመ፣ ጋሽ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ውድድር አልገባም፣ ስትሪም አልገዛም። ካሴቱ ላይ ግን ስሙ ነበረበት። ስንት ስመ ጥር ዜማ አለ ደራሲው ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ያገኘው ሰው ቢወደው እንኳ ማን ጋ እንደሚደውል የማያውቅ።

የታይኒ ዴስክ ምዝገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በፈረንጅ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ጠረጴዛ አላችሁ፣ ክራር የሚመታ ጓደኛም አይጠፋም። ግጥም ከጎደላችሁ ጻፉልኝ፣ ድርሻዬን በመቶኛ እነግራችኋለሁ።